አንድ ጨዋታ ተጫውተን ሁለተኛ የወጣንበት ዋንጫ፦ ካርቱም 1957

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ መነሻው የተማሪዎች ክርክር ነው። ልጆቹ የአፍሪካ ዋንጫ ውጤቶች የሰፈሩበት ሰንጠረዥ እጃቸው ገብቶ ሲያነቡ፣ የመጀመሪያው ረድፍ «1957፣ ካርቱም፤ 1ኛ ግብፅ፣ 2ኛ ኢትዮጵያ፣ 3ኛ ሱዳን» ይላል። ግማሾቹ «አይ፣ ያኔስ ጎበዞች ነበርን» አሉ። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ግን ጨዋታዎቹን ቆጠረችና «መምህር፣ ኢትዮጵያ እኮ የተጫወተችው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ እሱንም 4 ለ 0 ተሸንፋለች። ታዲያ ሱዳንን በምን በለጠቻት?» አለች።

ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱ ደግሞ ሜዳ ላይ አይገኝም፤ ያለው ከጨዋታው በፊት በተደረገው ስብሰባ ውስጥ ነው። ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልን። የካርቱሙ ውድድር በኛ አቆጣጠር የካቲት 1949 ዓ.ም. ላይ የዋለ ነው።

በመጀመሪያ ነገር፣ በ1957 መግቢያ ላይ «አፍሪካ» ሲባል የት ነበረች? የአህጉሩ ካርታ በአብዛኛው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የፖርቱጋልና የቤልጂግ ነበር። ራሳቸውን የቻሉ አገሮች ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያ፣ ግብፅና ሊቢያ፣ በ1956 ነፃ የወጡት ሱዳን፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ፣ እንዲሁም በነጮች መንግሥት የምትገዛው ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እነ ናይጄሪያ፣ ካሜሩን፣ ኮትዲቯር ገና ቅኝ ግዛት ነበሩ። የጥቁር አፍሪካ የነፃነት ፋና ወጊ የምንላት ጋና እንኳ ነፃነቷን ያወጀችው ማርች 6 ቀን 1957፣ የካርቱሙ ዋንጫ ካለቀ ከ18 ቀን በኋላ ነው። አስተናጋጇ ሱዳን ራሷ የእንግሊዝና የግብፅን ባንዲራ አውርዳ የራሷን ከሰቀለች 13 ወር ብቻ ሆኗት ነበር። ግብፅ ደግሞ በ1956 መገባደጃ በስዊዝ ቦይ የተነሳ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከእስራኤል ጋር ጦርነት ገጥማ ከወጣች ገና ጥቂት ወራት ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ባለበት ነው ኳስ እንጫወት የተባለው።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው ሊዝበን ላይ ነው። በጁን 1956 የፊፋ ጉባኤ ሲደረግ የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተገናኝተው የአፍሪካ አገሮች የራሳቸው ኮንፌዴሬሽን እንዲኖራቸውና መሥራች ስብሰባውም ካርቱም ላይ እንዲሆን ተነጋገሩ። ስብሰባው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957 (የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም.) በጥቁር ዓባይ ዳር ባለው ግራንድ ሆቴል ተካሄደ። ካርቱም የኖራችሁ ቦታውን ታውቁታላችሁ፤ በናይል መንገድ ወደ ሙግረን ስትሄዱ፣ ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙበት ሳትደርሱ ነው። ግብፅን ወክለው አብደል አዚዝ አብደላ ሳሌም፣ ሱዳንን ወክለው ዶክተር አብደል ሀሊም መሐመድ፣ ኢትዮጵያን ወክለው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ደቡብ አፍሪካን ወክለው ሚስተር ፍሬድ ፌል ተገኙ። ከየአገሩ ሌሎችም ነበሩ፤ እኛ ዋና ዋናዎቹን ነው የጠቀስነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተካክል። ብዙ ጊዜ «ኮንፌዴሬሽኑን የመሠረቱት ሦስት አገሮች ናቸው» ሲባል እንሰማለን። አራት ናቸው። አራተኛዋ ደቡብ አፍሪካ ናት። ስሟ የሚዘለለው ውድድሩ ላይ ስላልነበረች ነው፤ ያልነበረችበት ምክንያት ደግሞ የጽሑፋችን ልብ ነው።

ዕጣው የወጣው ግብፅ ከሱዳን፣ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ተጫውተው አሸናፊዎቹ ለፍጻሜ እንዲደርሱ ሆኖ ነው። በደቡብ አፍሪካ ከ1948 ጀምሮ አፓርታይድ የመንግሥት ፖሊሲ ነበር። ነጩና ጥቁሩ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፣ በአንድ ሰፈር አይኖሩም፣ በአንድ ቡድንም ኳስ አይጫወቱም። ስለዚህ የደቡብ አፍሪካው ተወካይ ያቀረቡት አማራጭ፦ ወይ ሙሉ በሙሉ ነጮች የሆኑበት ቡድን እናመጣለን፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁሮች የሆኑበት እናመጣለን፤ የተቀላቀለ ግን አይሆንም የሚል ነበር። የሌሎቹ ሦስት አገሮች ተወካዮች ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ በኛ አነጋገር በፎርፌ አለፈች።

የታሪክ መምህራን ይህን ስታስተምሩ ጉዳዩ በሁለት ዓይነት እንደሚተረክ ለልጆቹ ብትነግሯቸው ጥሩ ነው። የኮንፌዴሬሽኑ ትረካ «ደቡብ አፍሪካን አባረርናት» የሚል ነው። ሌላው ትረካ ደግሞ «ደቡብ አፍሪካ የስዊዝን ሁኔታ ምክንያት አድርጋ ራሷ ነው የቀረችው» ይላል። ተባረረችም እንበል ቀረች፣ በኛ አስተያየት ሥሩ አንድ ነው። ጥቁሩንና ነጩን በአንድ ማሊያ አሰልፎ ቢመጣ ማንም በር አይዘጋበትም ነበር። ያንን ደግሞ የአገሩ መንግሥት አይፈቅድም።

«ምን ችግር አለው? ጥቁሮቹንም እናመጣለን ብለዋል እኮ» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ በክፍላችንም ተነስቷል። ጥያቄውን ቀላል አድርገን አናየውም። የራሳችን የካምፕ ውድድር በተቃረበ ቁጥር «የየመጣንበትን አገር ልጆች ይዘን እንጫወት፣ ከእነ እገሌ ጋር አንቀላቀልም» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። መከራከሪያውም ሁሌ «ሁሉም ቡድን ይኖረዋል፣ ማን ተከለከለ?» ነው። የልጆች የሰፈር ፉክክርና የመንግሥት አፓርታይድ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፣ አይወዳደሩምም። ነገር ግን በካርቱሙ ስብሰባ የቀረበው አማራጭ ከውጪ ሲያዩት ይህንኑ ይመስላል፤ ለጥቁሩም ቦታ ያለው፣ ማንንም ያልከለከለ። የሚከለክለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብሮ መሆንን። በ1957 ሦስቱ አገሮች እንቢ ያሉት ለዚህ ነው።

ከእነዚህ መካከል አቶ ይድነቃቸው ነገሩን በወሬ አልነበረም የሚያውቁት። የስመ ጥሩው ዘፋኝ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው፤ በ1921 ጅማ ተወለዱ። በ1935 አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ገና በወጣትነታቸው ገብተው ከሃያ ዓመት በላይ ተጫወቱ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ፋሺስቶች በከተማው ስፖርት ሳይቀር ዘር ለይተው ነበር፤ ጣሊያኑ ለብቻው፣ «የአገሬው ተወላጅ» የተባለው ለብቻው። ጊዮርጊስም ስሙን እንዲቀይር ተገድዶ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ ይጫወት ነበር። ስሙን አስቡት እስቲ፤ ግማሹ የሙሶሊኒ፣ ግማሹ የሰፈር! እንግዲህ በዘር የተከፈለ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ነው ከሃያ ዓመት በኋላ ካርቱም ላይ «ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ» የሚል ሐሳብ የቀረበለት።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። ጨዋታዎቹ የተደረጉት መሀል ከተማ ባለው የካርቱም ስታዲየም ነው። እሑድ ፌብሩዋሪ 10 ግብፅና ሱዳን ተገናኙ። ግብፅ በራፋት አቲያ ፍጹም ቅጣት ምት መራች፤ በአፍሪካ ዋንጫ ታሪክ የመጀመሪያዋ ጎል እሷ ናት። ሱዳኖች ከዕረፍት በኋላ አቻ ሆኑ። ኋላ ላይ አድ-ዲባ የሚባለው አጥቂ አግብቶ ግብፅ 2 ለ 1 አለፈች። ሱዳን በሕዝቧ ፊት፣ ከሦስቱ ጠንካራ ከሆነው ቡድን ጋር ገጥማ፣ በአንድ ጎል ልዩነት ብቻ ወደቀች።

ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 16 (የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም.) ፍጻሜው ሆነ። የኢትዮጵያ ቡድን ምንም ሳይጫወት በቀጥታ የዋንጫ ጨዋታ ገባ። ስፖርት የምታስተምሩ ይህ ጥቅምም ጉዳትም እንዳለው ታውቃላችሁ፤ እግር አይደክምም፣ ግን አይሟሟቅምም። ግብፆች ገና ጨዋታው እንደተጀመረ ጎል አገቡ፤ በዚያው ቀጠሉና 4 ለ 0 አለቀ። አራቱንም ያገባው ያው አድ-ዲባ ነው። ሙሉ ስሙ መሐመድ ዲያብ አል-አጣር ይባላል፤ የአሌክሳንድሪያው የኢቲሃድ ክለብ ተጫዋች ነበር። በሙሉ ውድድሩ የተደረገው ሁለት ጨዋታ፣ የገባውም ሰባት ጎል ነው፤ ከሰባቱ አምስቱ የአንድ ሰው። ዛሬ 24 ቡድን ተሰልፎ አንድ ወር ገደማ የሚፈጀው ዋንጫ እንዲህ ሆኖ ነው የተወለደው።

ስለዚህ ሁለተኛነታችን ምን ነበር? በእግር ኳስ ሒሳብ ምንም ነው። ዕጣው ተገላብጦ ሱዳን ከደቡብ አፍሪካ ጋር ቢደርሳት ኖሮ ሁለተኛዋ ሱዳን ነበረች። ይህን ለልጆች መናገር አገርን ማሳነስ አይመስለንም። እንዲያውም «ሁለተኛ ወጣን» እያሉ ከመኩራራት ይልቅ፣ ለደቡብ አፍሪካ እንቢ ከተባለበት ጠረጴዛ አንዱ ወንበር ላይ ኢትዮጵያዊ ተቀምጦ እንደነበር ማወቁ ይሻላል።

አንድ ነገር እንጨምር። የዚያን ጊዜ ብሔራዊ ቡድን ዛሬ በቴሌቪዥን እንደምናያቸው በኳስ ደመወዝ የሚኖሩ ሰዎች ስብስብ አልነበረም። ክለቦቹ የሰፈር፣ የመሥሪያ ቤት፣ የጦር ክፍልና የፋብሪካ ነበሩ። ለምሳሌ በኋላ የምናነሳው ሉቺያኖ ቫሳሎ የተጫወተበት የድሬዳዋው ክለብ የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ነው። ካርቱም ድረስ ሄዶ አራት ጎል ተሸክሞ መመለስ ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ቀላል አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 1959፣ ሁለተኛው ዋንጫ ካይሮ ላይ ሲደረግም ያው ሦስቱ አገሮች ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ በግብፅ (ያኔ ከሶርያ ጋር ተዋህዳ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) እንደገና 4 ለ 0፣ በሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ ዘጠኝ ጎል ገብቶባት አንድም አላገባችም። ያን ጊዜ «ይህ ቡድን በሚቀጥለው ዋንጫ ይበላል» ያለ ቢኖር ይሳቅበት ነበር።

ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ በጃንዋሪ 1962 ሆነ። ውድድሩ ከጥር 6 እስከ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ስለነበር መሀሉ ላይ ጥምቀት ዋለ፤ ከተማው በታቦትና በኳስ መካከል ምን እንደመሰለ መገመት አያዳግትም። ኢትዮጵያ በመጀመሪያው ጨዋታ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ግብፅ ደግሞ ዩጋንዳን 2 ለ 1። ስለዚህ እሑድ ጥር 13፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ የካርቱሙ ፍጻሜ እንደገና ተደገመ፤ ኢትዮጵያና ግብፅ፣ በዚህ ጊዜ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት።

ግብፅ መጀመሪያ መራች። ኢትዮጵያ ከዕረፍት በኋላ አቻ አደረገች። ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ ያው ባደዊ አብደል ፈታህ ደግሞ አገባና 2 ለ 1 ሆነ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ፤ 4 ለ 2። ካርቱም ላይ በአንድ ሰው የገባብን አራት ጎል፣ በአምስት ዓመቱ በተራችን አራት አድርገን መለስን ማለት ነው። አሰልጥነው ከመሩት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ናቸው። ዋንጫውን ለሉቺያኖ የሰጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። የዋንጫው ስም «አብደል አዚዝ አብደላ ሳሌም» ነው፤ ካርቱም ላይ የኮንፌዴሬሽኑ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት በሆኑት ግብፃዊ የተሰየመ። ያ ዋንጫ በ1978 ለሦስተኛ ጊዜ ባሸነፈችው ጋና እጅ ለዘለቄታው ቀረ።

ስለ ሉቺያኖ ትንሽ እንበል፤ ለኛ ለስደተኞች ይመለከተናልና። በ1935 አስመራ ተወለደ፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነበር። ክልስ መሆን በዚያ ዘመን በሁለቱም ወገን የሚያሰድብ ነገር ነው። ከእርሱ ሌላም በዚያ ቡድን ውስጥ ከኤርትራ የመጡ ተጫዋቾች ብዙ ነበሩ፤ ከአዲስ አበባና ከሌላው ክፍለ ሀገር ልጆች ጋር በአንድ ማሊያ ተጫውተው ነው ያን ዋንጫ ያመጡት። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሉቺያኖ አገር ለቅቆ ተሰደደ። በሴፕቴምበር 2022 ጣሊያን ውስጥ አረፈ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያነሳችውን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ የተቀበለ አምበል ዕድሜው ያለቀው በስደት ነው።

አድ-ዲባስ የት ደረሰ? እሱም ታሪክ አለው። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ዳኛ ሆነ፤ በጃንዋሪ 1968 አዲስ አበባ ላይ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 ያሸነፈችበትን የዋንጫ ጨዋታ ፊሽካ ይዞ የዳኘው እሱ ነው። በተጫዋችነት የመጀመሪያውን ፍጻሜ በጎል የሞላ፣ በዳኝነት ደግሞ ሌላ ፍጻሜ የመራ።

ካርቱም ዋንጫውን እንደገና ያስተናገደችው በ1970 ነው። ምድቦቹ ለሁለት ተከፍለው ግማሹ ካርቱም፣ ግማሹ ዋድ መዳኒ ላይ ተጫወተ። የኢትዮጵያ ቡድን በዚያው በካርቱም ስታዲየም በካሜሩን 3 ለ 2፣ በሱዳን 3 ለ 0፣ በኮትዲቯር 6 ለ 1 ተሸነፈ። ከስድስቱ አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ ነው። ካርቱምና አምስት ጎል! ይህችን ከተማ ለቡድናችን ገደቢስ ናት የሚል ቢመጣ ሙሉ በሙሉ ተሳስተሃል ማለት ይከብደናል። ሱዳን ግን ፍጻሜ ደርሳ ጋናን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ቀኑ ፌብሩዋሪ 16 ነበር፤ ልክ የ1957ቱ ፍጻሜ በተደረገበት ዕለት፣ 13 ዓመት ቆይቶ። እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ሱዳንም ያገኘችው ይህን አንድ ዋንጫ ብቻ ነው። የሱዳን ጓደኞቻችሁን አያቶች ብትጠይቋቸው የዚያን ቀን ወሬ አያልቅባቸውም። ዛሬ ካርቱም ከአፕሪል 2023 ጀምሮ ጦርነት ያደቀቃት ከተማ ናት፤ ሁለቱ ትልልቅ ክለቦቿ ሂላልና መሪኽ በ2024–25 የውድድር ዘመን የተጫወቱት ሞሪታኒያ ሄደው በሰው ሊግ ውስጥ ነው። ከካርቱም ወጥታችሁ እዚህ የመጣችሁ ይህን ስትሰሙ ምን እንደሚሰማችሁ እናውቃለን።

የደቡብ አፍሪካ ጉዳይስ? ካርቱም ላይ እንቢ መባሏ ነገሩን አልቋጨውም። ፊፋ በ1961 አገዳት፤ በ1963 በእንግሊዛዊው ፕሬዚዳንት በሰር ስታንሊ ራውስ ጊዜ እገዳው ተነሳ፤ በ1964 ተመልሶ ተጣለ። አፍሪካውያን በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአህጉራቸው አንድ ቀጥተኛ ቦታ እንኳ በመነፈጉና በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ተቆጥተው ከማጣሪያው ወጡ። ይህን ካስተባበሩት መካከል አቶ ይድነቃቸው ነበሩበት። ለ1970ው የዓለም ዋንጫ ቦታው ተሰጠ፤ ሞሮኮ ሄደች። አቶ ይድነቃቸው በ1972 ከዶክተር አብደል ሀሊም ተረክበው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1976 ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ ሲያስወጣ ወንበሩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። በኦገስት 1987 አረፉ፤ ቦታቸውን ለጊዜው የያዙት ያው የሱዳኑ ዶክተር አብደል ሀሊም ሆኑ። ሁለቱ ሰዎች ከግራንድ ሆቴሉ ስብሰባ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልተለያዩም ማለት ይቻላል። የአፓርታይድን መውደቅ ግን አቶ ይድነቃቸው አላዩትም። ደቡብ አፍሪካ ወደ ፊፋ የተመለሰችው በ1992 ነው፤ በ1996 ጥቁርና ነጭ በአንድ ማሊያ ለብሰው ዋንጫውን በአገራቸው በሉ።

የኢትዮጵያ ቡድን በበኩሉ ከ1982 በኋላ 31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ራቀ። መመለሻ መንገዱ ላይ በ2012 የቆመችው ደግሞ ማን ትሆን? ሱዳን። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸነፈች፤ አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ 2 ለ 0 መለሰችና በድምር 5 ለ 5 ሆነው ከሜዳ ውጪ በተገቡ ጎሎች አለፈች። ውድድሩ በጃንዋሪ 2013 የተደረገው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ እዚያ በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባንዲራ ይዘው ስታዲየሙን ሞሉት። በዚያው ዓመት ጁን 16 ቀን፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ ላይ ተጋጠሙ። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸነፈች።